አዳራሹም የሙዚቃ መሣሪያ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በመሀል አዲስ አበባ በየጊዜው ስለሚመረቁና ስለሚታደሱ አዳራሾች በጋዜጣችሁ የሚወጡ ዘገባዎችን ከሚከታተሉ አንባቢዎች አንዱ ነኝ። ከዘገባዎቹ አዳራሹ ስንት ሰው እንደሚይዝ፣ ከሥሩ ስንት መኪና እንደሚያስቆም፣ ስክሪኑ ምን ያህል እንደሚሰፋ፣ ወለሉ በምን ዓይነት እብነ በረድ እንደተነጠፈ እንረዳለን። እዚያው አዳራሽ ውስጥ ክራር ቢመታ መጨረሻው ረድፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ምን እንደሚሰማ የሚገልጽ ዘገባ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። በድምፅ ባለሙያነት ከፒያሳ እስከ መስቀል አደባባይ፣ ከአራት ኪሎ እስከ ስታዲየም ባሉ መድረኮች ለዓመታት ስለሠራሁ፣ ጉዳዩ የእንጀራዬ ጉዳይ መሆኑን አልደብቅም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ግን አዳራሽን ከሙዚቃ መሣሪያዎች እንደ አንዱ ቆጥረው የሠሩ የሙዚቃ ቀማሪዎች መኖራቸውን፣ ከእነሱም አንዱ በዚህችው ከተማ ያስተማሩ መሆናቸውን አስታውሼ፣ የአዳራሾቻችን ነገር ገና በንድፍ ላይ ሳለ ሙዚቃ የሚያውቅ ሰው እንዲያየው ለመጠየቅ ነው።

ሃሊም ኤል-ዳብ እ.ኤ.አ. በ1921 ካይሮ ተወልደው በ2017 አሜሪካ ውስጥ ያረፉ ግብፃዊ አሜሪካዊ ቀማሪ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1964 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ ሲሆን፣ በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የተባለውን የባህል መሣሪያዎች ቡድን መሥርተዋል። ማሲንቆው፣ ክራሩ፣ በገናው፣ ዋሽንቱ፣ እምቢልታውና ከበሮው በየአካባቢያቸውና በየአገልግሎታቸው ለብቻ ይሰሙ የነበሩ ናቸውና፣ በአንድ መድረክ መሰብሰባቸው በዚያን ጊዜ ቀላል ነገር አልነበረም። በአገራችን ስማቸው የሚነሣ ከሆነ የሚነሣው በዚህ ሥራቸው ነው። ከዚያ በፊት የሠሩት ሥራ ግን ለዛሬው ጉዳዬ ይበልጥ ይቀርባል።

አዲስ አበባ ከመምጣታቸው አሥራ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1944፣ ገና የግብርና ምህንድስና ተማሪ ሳሉ፣ በሽቦ ላይ ድምፅ የሚቀርጽ ከባድ መሣሪያ ከካይሮ ሬዲዮ ጣቢያ ተውሰው የዛር ሥርዓት ላይ የሚዘመረውን ቀረጹ። የዛር ነገር ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ስላልሆነ ማብራሪያ አያሻውም። ኤል-ዳብ የቀረጹትን ይዘው ወደ ጣቢያው ተመለሱና ግድግዳዎቹ በሚንቀሳቀሱ ክፍል ውስጥ መልሰው እያሰሙ፣ መልሰው እየቀረጹ፣ ግድግዳውን በማስጠጋትና በማራቅ የድምፁን ማስተጋባት ለወጡት። ዋናውን የሴቶቹን ድምፅ እያደበዘዙ በላዩ የሚንሳፈፉትን ቀጫጭን ድምፆች ብቻ አስቀሩ። ውጤቱ ማን እንደሚዘምር የማይለይበት፣ ከሩቅ እየመጣ የሚቀርብና የሚርቅ የድምፅ ጉም ነበር። ይህ ሁሉ የሆነው ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር የባቡር ድምፆችን ቆራርጠው በ1948 ከሠሩትና የታሪክ መጻሕፍት የተቀረጸ ድምፅን ወደ ሙዚቃ የመለወጥ ዘርፍ መነሻ አድርገው ከሚጠቅሱት ሥራ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። እኔን የሚገርመኝ ቀዳሚነታቸው ብቻ አይደለም። ክራር መቺ ቅኝት ለመለወጥ መቃኛውን እንደሚያዞር ሁሉ፣ እኒህ ሰው ግድግዳውን ገፍተው ሙዚቃውን ለወጡት፤ ክፍሉን ሙዚቃ የሚቀመጥበት ዕቃ አድርገው ከማየት ይልቅ እንደሚጫወቱበት ነገር ያዙት።

ግድግዳ የሌለበትንም ሞክረዋል። እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ በጊዛ ፒራሚዶች ሥር ለጎብኚዎች ለሚቀርበው የድምፅና የብርሃን ትርኢት ሙዚቃውን የጻፉት እሳቸው ናቸው። ከካይሮ ጠባብ ክፍል እስከ ጊዛ በረሃ ድረስ ድምፅ ከቦታው ጋር የሚያደርገውን የመረመሩ ሰው፣ በቀጣዩ ዓመት የእኛን ማሲንቆና በገና ሊያዳምጡ አዲስ አበባ ገቡ። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ስማቸው የተጻፈበት አንድ የድምፅ ቤተ ሙከራ ቢኖር ደስ ባለኝ ነበር፤ ይህን ለሚመለከታቸው ትቼ ልለፍ።

በአውሮፓና በአሜሪካ ይህንኑ መንገድ የተከተሉት ብዙ ስለሆኑ ሁሉንም መዘርዘር አንባቢን ማድከም ይሆናል። ያኒስ ዜናኪስ በሥነ ሕንፃ ባለሙያው በለ ኮርቡዚዬ ቢሮ በመሐንዲስነት እየሠሩ ሙዚቃም ይቀምሩ ስለነበር፣ በ1958 በብራስልስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ለቆመው የፊሊፕስ ኩባንያ ማሳያ ሕንፃ ቅርጹን በማውጣት ትልቁን ድርሻ ተወጥተዋል። በጠማማ ግድግዳዎቹ ላይ ከ300 በላይ ድምፅ ማጉያዎች ተሰቅለው የኤድጋር ቫሬዝ ኤሌክትሮኒክስ ሙዚቃ በሰዉ አናት ላይ ከጥግ ወደ ጥግ ይጓዝ ነበር። ኤግዚቢሽኑ ሲያበቃ ሕንፃው ፈረሰ። ቅጂው ዛሬም ይገኛል፤ በዚያ ሕንፃ ውስጥ እንደተሰማው አድርጎ የሚሰማው ግን የለም። አሜሪካዊቷ ቀማሪ ፖሊን ኦሊቬሮስ ደግሞ በ1988 በዋሽንግተን ግዛት ከባልደረቦቻቸው ጋር ወደ አንድ ባዶ የከርሰ ምድር የውኃ ማጠራቀሚያ አኮርዲዮናቸውን ይዘው ወረዱ። እዚያ አንድ ድምፅ ተሰምቶ እስኪጠፋ 45 ሰከንድ ይፈጃል። ስለዚህ አንዱ ተጫዋች የነፋው ከማለቁ በፊት ሌላው የሚጨምረውን አስቦ መጠበቅ ነበረበት፤ ትዕግሥቱን ያስተማራቸው ማጠራቀሚያው ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለሙያ ጓደኞቼ ደጋግሜ የምነግራቸው ግን በ2021 ያረፉት አሜሪካዊው ቀማሪ አልቪን ሉሲየር በ1969 የሠሩትን ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው አጭር ንግግር አነበቡና ቀረጹት፤ የተቀረጸውን እዚያው ክፍል ውስጥ በድምፅ ማጉያ አሰምተው እንደገና ቀረጹት፤ ያንንም እንዲሁ፣ እንዲህ እያሉ ብዙ ጊዜ ደጋገሙት። እያንዳንዱ ክፍል እንደ ርዝመቱ፣ እንደ ወርዱና እንደ ቁመቱ የሚያጎላቸው ድምፆች አሉት። ለምሳሌ 5 ሜትር ርዝመት ባለው ክፍል ሁለቱ ጫፎች መካከል ከሁሉ በፊት የሚጎላው በሰከንድ 34 ጊዜ ያህል የሚርገበገበው ወፍራም ድምፅ ነው። በተደጋገመ ቁጥር ክፍሉ የሚወዳቸው ድምፆች እየጎሉ፣ የማይወዳቸው እየጠፉ ሄደው ከንግግሩ ቃል የሚባል አይቀርም፤ የሚቀረው የንግግሩን አካሄድ የያዘ የደወል ዓይነት ዜማ ነው። ሉሲየር ሲናገሩ ይንተባተቡ ነበር፤ ክፍሉ መንተባተባቸውንም ወደ ዜማ ለውጦታል። ይህን ለመሥራት ሁለት የመቅረጫ መሣሪያዎችና አንድ ድምፅ ማጉያ በቂ ናቸው። ዛሬ በስልክ ይሠራል።

ድምፅን በቦታ መክፈልን ከውጭ ሰው መማር አያስፈልገንም ብሎ የሚከራከረኝ አንባቢ ቢኖር አልቃወመውም። በዋዜማ ሌሊት ቅኔ ማኅሌት የቆመ ሰው ሊቃውንቱ በሁለት ወገን ፊት ለፊት ተሰልፈው፣ ቀኝ ጌታው በአንዱ፣ ግራ ጌታው በሌላው ሆነው ዜማውን ሲቀባበሉት ሰምቷል። መሪው ይጀምራል፤ ቀኙ ይቀበላል፤ ግራው ይመልሳል፤ ጸናጽሉ ይከተላል፤ ወረቡ ሲደርስ ከበሮ መቺዎቹ ከሁለቱ ረድፎች መካከል ገብተው ወዲያና ወዲህ ሲሉ ድምፁም አብሯቸው ይንቀሳቀሳል። ከሁለቱ ወገን መሀል የቆመ ሰው ዜማው ከአንዱ ትከሻው ወደ ሌላው ሲሻገር ይሰማዋል። ክብ በሆኑት አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ መቅደሱ መሀል ላይ ስላለ፣ ከማኅሌቱ በተቃራኒ በኩል የቆመ ምእመን ሌላ ነገር ይሰማል። ቀጭን ድምፅ ግድግዳ ዞሮ መሄድ ስለሚያቅተው የጸናጽሉ ጥራት እዚያ ይደክማል፤ ወፍራም ድምፅ ግን ጥግ ስለማያግደው የከበሮው ጉምጉምታ ክቡን ዞሮ ይደርሰዋል። አንዱ ዜማ በአንዱ ሕንፃ ውስጥ እንደየቆሙበት ብዙ ነው። የአውሮፓ የሙዚቃ ታሪክ ይህን ጉዳይ የሚጀምረው በ16ኛው ክፍለ ዘመን በቬኒስ ቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን በግራና በቀኝ ቆመው ከሚቀባበሉት መዘምራን ነው። የእኛን ማኅሌት ያየ የታሪክ ጸሐፊ መግቢያውን ደግሞ ለመጻፍ ይገደድ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ይህን የመሰለ ሀብት ይዘን ምን እንዳደረግንበት ስናገር በድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። ዛሬ በብዙ ቦታ ከመሪው አፍ ሥር አንድ ማይክ ይደቀንና የሁሉም ድምፅ በአንድ መስመር ገብቶ ከዓምዱ ላይ ከተሰቀለው ሞንታርቦ ይወጣል። ቀኙም ግራውም ከዚያው ከአንድ ጥቁር ሣጥን ይሰማሉ። ከደጅ የቆመው ሰው በርግጥ የተሻለ ይሰማል፤ ውስጥ የቆመው ግን የነበረውን አጥቷል። ሁለት ማይክና ሁለት ማጉያ፣ ቀኙን በቀኝ፣ ግራውን በግራ ማድረግ ብቻ የነገሩን ግማሽ ይመልሰው ነበር። ለአንድ ደብር አስተዳዳሪ አባት ይህን ባስረዳቸው ወዲያው ገብቷቸው፣ «ልጄ፣ ይኸማ ሥርዓቱም ነው» አሉኝ።

ወደ አዳራሾቹ ልመለስ። አዳራሽ ለምን እንደሚያስተጋባ በቁጥር የገለጹት የሀርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ዋላስ ሳቢን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1895 ዩኒቨርሲቲያቸው አዲስ ያሠራው የፎግ ሙዚየም የትምህርት አዳራሽ ውስጥ መምህር የተናገረው አልሰማ ብሎ አስቸግሮ ነበር። አንድ ድምፅ እስኪጠፋ ከ5 ሰከንድ በላይ ይቆያል። ሳቢን ከተማው ጸጥ ሲል፣ በሌሊት፣ ከአቅራቢያው ቲያትር የወንበር ትራሶች እያስመጡ፣ የኦርጋን ቧንቧ እያስነፉና በሰዓት እየለኩ የደረሱበት ስሌት ቀላል ነው። የአዳራሹን ይዘት በሜትር ኩብ ወስደው በ0.161 ያባዙታል፤ ያንን አዳራሹ ውስጥ ያለው ሁሉ በካሬ ሜትር ተሰልቶ ለሚውጠው ድምፅ ያካፍሉታል። የሚገኘው ቁጥር ድምፅ በ60 ዴሲቤል (ዴሲቤል የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ለመቀነስ የሚፈጀው ሰከንድ ነው። በዚሁ ስሌት መሠረት ታስቦ በ1900 የተከፈተው የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽ እስከ ዛሬ በዓለም ከሚመሰገኑት አንዱ ነው።

ስሌቱን በእኛ ከተማ በብዛት በምናየው ዓይነት አዳራሽ ላይ እንሞክረው። ርዝመቱ 30፣ ወርዱ 20፣ ቁመቱ 10 ሜትር ይሁን። ይዘቱ 6,000 ሜትር ኩብ፣ ወለሉ፣ ጣሪያውና ግድግዳው ሲደመር 2,200 ካሬ ሜትር ይሆናል። እብነ በረድ፣ መስታወትና ልስን ከሚመታቸው ድምፅ በአማካይ 5 በመቶውን ብቻ ይውጣሉ ብንል 110 እናገኛለን። ይህ አዳራሽ ባዶ ሳለ 8.8 ሰከንድ ያስተጋባል። በሰከንድ አምስት ፊደል ያህል የምንናገር ቢሆን የመጀመሪያው ፊደል ሳይጠፋ ከአርባ በላይ ይደራረቡበታል። ከዚያ ድርርብ ውስጥ ቶሎ የሚደበዝዘው በ‹ጠ› እና በ‹ተ›፣ በ‹ቀ› እና በ‹ከ› መካከል ያለው ስለታም ልዩነት በመሆኑ፣ ተናጋሪው ምን እንዳለ አጠገባችሁ ያለውን ሰው የምትጠይቁት ለዚህ ነው። አሁን 600 ሰው ይግባበት፤ አንድ ሰው እንደነልብሱ ግማሽ ካሬ ሜትር ያህል ቢውጥ 300 ይጨመርና ማስተጋባቱ ወደ 2.4 ሰከንድ ይወርዳል። ከዚህ ላይ 200 ካሬ ሜትር ግድግዳ በወፍራም መጋረጃ ብንሸፍን 1.9 ሰከንድ ላይ ይደርሳል፤ ይህ ለኦርኬስትራ እጅግ ተስማሚ ነው። ለንግግርና ለቲያትር ግን ወደ 1 ሰከንድ መውረድ አለበት። በአንድ አዳራሽ ጠዋት ስብሰባ፣ ከሰዓት በኋላ ሠርግ፣ ማታ ኮንሰርት የምናደርግ ሕዝቦች ነንና፣ መጋረጃው የሚከፈትና የሚዘጋ መሆን አለበት ማለት ነው። ኤል-ዳብ በካይሮ የገፉት ግድግዳ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው።

በተግባር የምናየው ሌላ ነው። ባለሙያው ከሰዓት በኋላ ይመጣና ባዶ አዳራሽ ውስጥ ሳውንድ ቼክ ያደርጋል። መሀል ላይ ቆሞ አንድ ጊዜ ሲያጨበጭብ፣ ፊት ለፊት ከሚተያዩት መስታወትና እብነ በረድ መካከል ጭብጨባው እየተንቀጠቀጠ ዚርርር ብሎ ይመለስበታል። ማይኩ ማፏጨት ሲጀምር የሚያፏጨውን ድምፅ ቀጭኑንና ወፍራሙን ለይቶ በሚቀንሰው መሣሪያ፣ በኢኳላይዘር፣ ይቆርጠዋል፤ ከክራሩ ድምፅም አብሮ ይቆረጣል። ሁለተኛው ማይክ ያፏጫል፤ እሱም ይቆረጣል። ማታ ሰዉ ሲሞላ አዳራሹ ሌላ አዳራሽ ይሆንና የተስተካከለው ሁሉ ከአንጀት ጠብ አይልም። በዚህ መሀል ድምፃዊው ከመድረክ «ኢኮ ጨምርልኝ» ብሎ በእጁ ምልክት ይሰጣል፤ አዳራሹ ራሱ ከበቂ በላይ እየሰጠው። ከኋላ የተቀመጠው እንግዳ አልሰማም ሲል የአዳራሹ ኃላፊ ተጨማሪ ሞንታርቦ ያስመጣል። የማስተጋባት ችግር ያለበት ቤት ውስጥ ድምፅ ሲጨመር ማስተጋባቱም በዚያው ልክ ስለሚጨምር፣ የሚሰማው ጩኸት እንጂ ቃል አይሆንም። በዚህ ዓይነት ቤት በገና ሲደረደር ያየሁበት ምሽት ነበር፤ የእንዝራው (ጅማቱን የሚያነዝረው ቁራጭ ቆዳ) ንዝረት ከአየር ማቀዝቀዣው ኡኡታ በታች ወርዶ፣ ታዳሚው የደርዳሪውን ጣቶች እያየ ብቻ አጨበጨበ። አዳራሹን አልጠራውም፤ አንድ ብቻም አይደለምና።

በአደባባይ ደግሞ ችግሩ ማስተጋባት መሆኑ ቀርቶ ርቀት ይሆናል። ድምፅ በእኛ የአየር ሙቀት በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ብዙ ሰው ከፍታው የሚለውጠው ይመስለዋል፣ ፍጥነቱን የሚወስነው ግን ሙቀቱ ነው። መስቀል አደባባይ ላይ ከመድረኩ 100 ሜትር ርቆ የተተከለ ማጉያ ሳይዘገይ ከለቀቀ፣ አጠገቡ ያለው ሰው የመድረኩን ድምፅ ከሦስት አሥረኛ ሰከንድ በኋላ ድጋሚ ይሰማዋል፤ ዝማሬው ከራሱ ጋር ይጣላል። የሩቁን ማጉያ በዚያው ልክ ማዘግየት ያስፈልጋል። ጆሮ የድምፁን አቅጣጫ የሚወስደው ቀድሞ ከደረሰው በመሆኑ፣ የሩቁ ማጉያ ከመድረኩ ድምፅ ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ቢለቅ አድማጩ ሁሉም ነገር ከመድረክ የመጣ ይመስለዋል። ይህ ወጪ የሌለው፣ ሚክሰሩ ላይ አንድ ቁጥር መሙላት ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ደመራ ዕለት በሺህ የሚቆጠሩ የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ከየአቅጣጫው እየዘመሩ በሚገቡበት በዚያ ደረጃ ደረጃ በሆነ ግማሽ ክብ አደባባይ ላይ፣ አንድ ቀማሪ ለቦታው ብሎ የጻፈው ሥራ እስካሁን አለመሰማቱ ያስቆጨኛል።

በዚህ ጉዳይ ላይ በተደጋጋሚ የሚሰነዘርብኝ መልስ የገንዘብ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ከተባለ ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ውድ የሚሆነው ከተመረቀ በኋላ ነው። ፊት ለፊት የሚተያዩትን ግድግዳዎች ከመነሻው ጥቂት ማጋደል የሲሚንቶውን መጠን የሚጨምረው በጥቂቱ ነው። የደብረ ብርሃን የሱፍ ምንጣፍ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ቀጭኑን ድምፅ ይውጣል፤ ያምራልም። የከበሮውን ጉምጉምታ ግን ምንጣፍ አይነካውም፤ ለእሱ ከግድግዳው ራቅ ብሎ የተገጠመና ከኋላው አየር ያለው ስስ የእንጨት ሰሌዳ ያስፈልጋል፤ ይህም ማንኛውም ጎበዝ አናጺ የሚሠራው ነው። ጌጡን ሁሉ አውልቀን የእንቁላል ካርቶን እንለጥፍ የሚሉ አሉ፤ እሱ ከማስቀየሙ በቀር የሚፈይደው የለም።

ሌላው የምጠይቀው ነገር ልኬት ነው። በኢስታንቡል የሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. ከ532 እስከ 537 ባለው ጊዜ በቤተ ክርስቲያንነት የተሠራው ሀጊያ ሶፊያ ሙዚየም በነበረበት ዘመን መዘመር የማይፈቀድበት ስለነበር፣ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ውስጡ ፊኛ እያፈነዱ ድምፁ እንዴት እንደሚጠፋ ቀረጹ። ከዚያ ቅጂ ሕንፃው ለድምፅ የሚያደርገውን ሁሉ በኮምፒውተር አወጡና፣ ካፔላ ሮማና የተባለው የመዘምራን ቡድን በሌላ ቦታ ሆኖ እዚያ ውስጥ እንደሚዘምር አድርገው በ2019 አሳተሙት። ከ10 ሰከንድ በላይ የሚያስተጋባ ሕንፃ በአንዲት ፊኛ ተቀዳ። እኛ ዘንድ ባለ ስምንት ማዕዘኑ የአራዳ ጊዮርጊስ ካቴድራል አለ፤ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው ብሔራዊ ቴአትር አለ፤ አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፏቸው የአፍሪካ አዳራሽና የማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ አሉ። የአፍሪካ አዳራሽ ታድሶ በ2017 ዓ.ም. ዳግም ተከፍቷል። ፒያሳ ላይ በቅርብ ዓመታት ፎቶ ተነሥቶላቸው የፈረሱ ቤቶች ነበሩ፤ ቢያንስ መልካቸውን የሚያሳይ ነገር ተርፏል። ድምፃቸውን የቀዳ ሰው ስለመኖሩ ግን ሰምቼ አላውቅም። አንድ ቤት ከመታደሱ ወይም ከመፍረሱ በፊት አንድ ፊኛ፣ ሁለት ማይክና አንድ ሰዓት ጊዜ ማግኘት ከባድ አይመስለኝም። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች አብረው ቢያደርጉት ሁለቱም የማያውቁትን ይማሩበታል።

ለእነዚሁ ተማሪዎች ከተማው በዓመት አንድ አዳራሽ ለጥቂት ቀናት ባዶውን ቢለቅላቸው ምን ሊወጣው እንደሚችል አስቡት። መለከት ነፊው በረንዳው ላይ፣ ዋሽንቱ ደረጃው ሥር፣ ማሲንቆው በአድማጩ መካከል ሆኖ፣ ማይክ የሚባል ሳይነካ፣ ለዚያ ቤት ብቻ የተጻፈ ሥራ ሊሰማ ይችላል። ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ መሣሪያዎቹን አንድ መድረክ ላይ ሰበሰባቸው፤ ቀጣዩ ሥራ አዳራሹ ውስጥ መበተን ሊሆን ይችላል። አዳዲሶቹን ሕንፃዎች የሚያስገነቡት መሥሪያ ቤቶችም በጨረታ ሰነዳቸው ላይ የአዳራሹ ማስተጋባት ባዶውንና ሰው ሲሞላ ስንት ሰከንድ እንዲሆን እንደሚፈለግ አንድ መስመር ቢያስገቡ፣ ርክክብ ሲደረግም መብራቱና ቧንቧው እንደሚፈተሽ ሁሉ ይህም ቢፈተሽ፣ አሁን በሞንታርቦ ልናድነው የምንሞክረው አብዛኛው ችግር አይፈጠርም።

ከጋዜጣችሁም አንድ ነገር እጠይቃለሁ። በሚቀጥለው የአዳራሽ ምረቃ ላይ የምትልኩት ዘጋቢ ንግግሩ አልቆ እንግዶቹ ወደ መስተንግዶው ሲወጡ ጥቂት ይቆይና፣ ማጉያው ከጠፋ በኋላ መሀል ወለሉ ላይ ቆሞ አንድ ጊዜ ያጨብጭብ፤ ጭብጨባው እስኪጠፋ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ በስልኩ ይቁጠርና ከወንበሩ ብዛት ቀጥሎ ይጻፍልን። መሐንዲሱንም የታቀደው ስንት እንደነበር ይጠይቅልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የድምፅ ባለሙያ የሆንኩ አንባቢያችሁ
ከፒያሳ፣ አዲስ አበባ